ለእንግዳው እንጂ ለነዋሪው ዜና የለንም

ገና ሊደርስ ሲል ጀምሮ ስለ ጎንደር የማይወራበት ቦታ የለም። ስልክ በከፈትክ ቁጥር በድሮን የተነሳ ፋሲል ግቢ፣ እንግዶች በአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ አቀባበል ተደረገላቸው፣ ባለስልጣኑ መግለጫ ሰጡ፣ ዝግጅቱ ተጠናቋል ምናምን። ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም፣ በዚህ በተቀዛቀዘ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ማን ይጠላል፣ ባለ ባጃጁም ቡና የምታፈላውም ትንሽ ይተነፍሳሉ። ግን እስቲ እዛው ጎንደር፣ ማራኪ ወይ አዘዞ ሰፈር የሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ ዜና ውስጥ ለሱ የሚሆን ምን አገኘ? እሱ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ የገጠር ዘመዶቹ ለበአል እንዲገቡ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ዶሮ ስንት ገባ፣ ውሃ መቼ ይመጣል። ይሄን የሚነግረው ባጃጅ ሹፌሩ ነው፣ ካልሆነም ቴሌግራም ላይ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ወሬ።

የገና ለታ ጠዋት በየሰፈሩ ቅርጫ ሲከፋፈል ቆማችሁ እዩ። ሌሊት የታረደው በሬ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል፣ ጉበቱም ጨጓራውም ሳይቀር ለሁሉም ይቆራረጣል፣ አንዱ ያኛው ላይ አጥንት በዝቷል እያለ ያጉረመርማል፣ ከዛ ከየሰው ቁልፍ፣ ክብሪት፣ ሳንቲም ተሰብስቦ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥለዋል፣ በቃ የደረሰህን ይዘህ መሄድ ነው፣ ክርክር የለም። እዛ ቆሞ የሚወራውን የሰማ ሰው የከተማውን ኑሮ ያውቃል። አምና አንድ መደብ ለብቻው የወሰደው ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር ለሁለት እንደተካፈለ፣ ማን ኪራይ ጨምሮበት ሰፈር እንደለቀቀ፣ የማን ልጅ አረብ አገር እንደሄደች። ይሄ ዜና አይደለም? እኔ ብጠየቅ የኑሮ ውድነት ሪፖርት ማለት ይሄ ነው፣ ያውም ከስብሰባ አዳራሽ የማይገኝ።

ውሃው ደግሞ አለላችሁ። የአፄ ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ሲሞላ በየአመቱ ዜና ነው፣ ፎቶውም ያምራል፣ እሰይ ይሙላ። በዛው ሰሞን ግን ቧንቧቸው ጠብ የማይል ሰፈሮች አሉ፣ የጠላ መጥመቂያው ውሃ በጀሪካን በባጃጅ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ጌሾዋን ወቅጣ ጋኗን አጥና የምትጠብቅ እናት ለከተማው ውሃ ይሆናል ተብሎ ስንት አመት ስለተጓተተው የመገጭ ግድብ እንዲነገራት አይደለም የምትፈልገው፣ ዛሬ ማታ ውሃ የትኛው ሰፈር እንደሚለቀቅ ነው። በፈረቃ ከሆነም ፈረቃው ይነገራት፣ ይሄ ምን ሚስጥር አለው?

ይሄ ሁሉ ተራ ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ 2012ን አስታውሱ። ጥምቀት ዩኔስኮ ላይ የተመዘገበው ታኅሣሥ 2012 ነበር፣ ስንት ደስታ ስንት ጭብጨባ። ወር ከምናምን ቆይቶ ጥር 11 ጠዋት እዛው መዋኛው ጋ ለታዳሚ የተሰራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ የተጎዳውም ብዙ ነው። ያን ሰሞን ስለ ምዝገባው የተወራው አይቆጠርም፣ ያ እንጨት ስንት ሰው ይችላል፣ ማን ፈተሸው ብሎ የጠየቀ ዘገባ ግን እኔ አላስታውስም። አናጢው ምስማር ሲመታ ከስር ቆሞ መጠየቅ ማንንም ታዋቂ አያደርግም፣ ላይክም አያመጣም። ሰው ካለቀ በኋላ ነው ትልቅ ዜና የሆነው።

ሰፈር ውስጥ የሚሰራ ጥሩ ነገርም እንዲሁ አይታይም። ታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ተሸክመው ሲሮጡ ካሜራው ያነሳቸዋል፣ ግን ያ ምንጣፍ በማን መዋጮ እንደተገዛ፣ ያችን መንገድ ሌሊት ማን እንደጠረጋት የሚጠይቅ የለም (ለቲሸርት የተዋጣው ብርም የት እንደገባ ቢጠየቅ አልጠላም፣ እሱን ተዉት)።

ታድያ ይሄን ለመስራት ድሮን አያስፈልግም። ኤፍኤም ላይ የምትሰሩም ገጽ ያላችሁም አንድ ሰው ቅዳሜ ገበያ ላኩ፣ የበግና የዶሮውን ዋጋ ይዞ ይምጣ። የከተራ ለታ የትኛው መንገድ ከስንት ሰአት ጀምሮ እንደሚዘጋ ቀድማችሁ ንገሩን፣ የጠፋ ህጻን የት እንደሚወሰድም፣ ሞንታርቦው ላይ ስሙ እስኪጠራ ድረስ እናቱ እንዳታብድ። ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላም አንድ ቀን ቆዩና መዋኛው ዙሪያ የቀረውን የሃይላንድ ክምር ማን እንደሚያነሳው ጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን ዘንድሮ መቀመጫውን የሚሰራው ማን ነው፣ የሚፈትሸውስ? መልሱን ከጥር 10 በፊት ብትነግሩን ነው የሚጠቅመን።