«ቁጥር አይዋሽም» አትበሉን

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ አንድ በራሪ ወረቀት ተሰጠኝ። «ካንሰርን በደም ምርመራ ቀድመው ይወቁ» ይላል። ሲኤ 125፣ ሲኤ 19-9፣ ሲኢኤ እያለ በደም ውስጥ የሚለኩ ፕሮቲኖችን ይደረድርና ጤነኛውንም ሁሉ ና ተመርመር ይላል። ወረቀቱን የሚያድለውን ባለሙያ ጠየቅኩት። «ቁጥር አይዋሽም» አለኝ። ይቺ ቃል ናት ያንገበገበችኝ።

ማሽኑ በትክክል ለክቶ ይሆናል። ግን የለካው ምኑን ነው? ፕሮቲን ነው እንጂ ካንሰር አይደለም!

ሲኤ 125ን ውሰዱ። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ35 ካለፈ የኦቫሪ (የሴቷ እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ነው ተብሎ ቤተሰብ ይረበሻል። ይህን ፕሮቲን ግን ሆድን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋንም በተቆጣ ቁጥር ያመርተዋል። የሳንባና የልብ ሽፋንም እንደዚያው። ጉበት ታሞ ሆድ ውሃ ሲቋጥር ይጨምራል፣ በእርግዝና ይጨምራል፣ በወር አበባ ጊዜ እንኳ ይጨምራል። የሆድ ቲቢማ ብዙ መቶ ያደርሰዋል። ምልክቱም ከካንሰር አይለይም፤ ሆድ ይነፋል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ምግብ ያስጠላል። ቲቢ ባልጠፋበት አገር ተቀምጦ፣ ይህን እያወቁ፣ በአንድ ቁጥር ብቻ በሰው ላይ የሞት ፍርድ መስጠት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ቢቸና ያለችው አክስቴ ሆዷ አብጦ ሲኤ 125 ተመረመረች። 412። ቁጥሩ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል ተባለ። ባሏ የእርሻ በሬውን ሸጠ። ጎረቤት ለቅሶ እንደመጣ ሰው ዝም ብሎ እየገባ ተቀመጠ፣ እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ተናዘዘች። ኋላ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም «የሥጋ ናሙና ሳይወሰድ ማነው ካንሰር ያለሽ?» ብሎ ተቆጣ። ከሆዷ ሽፋን ናሙና ተወሰደ። ቲቢ ነው። 6 ወር መድኃኒቷን ዋጠች፣ ቁጥሩም ከ35 በታች ወረደ። በሬው ግን አልተመለሰም።

«ቀድሞ ማወቅ ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ አሉ። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ይህንኑ ሞክሮታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት በየዓመቱ ሲኤ 125 መለካት በኦቫሪ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም ነው የሚለው። እዚያ ያላዳነውን እዚህ ገበሬ በሬውን ሸጦ ይግዛው?

ሌሎቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። ሲኤ 19-9 የሐሞት ጠጠር መተላለፊያውን ሲዘጋው ይወጣል፣ ሲኢኤ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ ከፍ ይላል።

ካንሰሩ በናሙና ለተረጋገጠ ሰው የደም ምርመራው መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ይጠቅማል። እሱን አልከለከልኩም። ለጤነኛ ሰው በየመናኸሪያው አትሽጡት ነው የምለው። መሸጡ ካልቀረ ደግሞ «ከ35 በላይ» ከሚለው ጎን «ቲቢም ከፍ ያደርገዋል» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩበት፣ ያውም በዚያው በቀዩ እስክሪብቶ።