ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተግሳጽ ነው። መጀመሪያ የሚነካው እኔን ነው። ቢሆንም ለእናንተም ይድረሳችሁ።

እኛ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ማንም አይነግረንም። ወሬው እንደተሰማ የእድሩ ድንኳን ይተከላል። ወንበሩ፣ ሰሃኑ፣ ድስቱ ይመጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን ተጉዞ የሚደርስ አለ። ሦስት ዓመት የተኳረፈ ወንድም እንኳ መጥቶ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም፣ ብቻውን አይበላም። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን ሊቢያ ውስጥ በክርስትናቸው ምክንያት የተገደሉ ጊዜ ቂርቆስ ሰፈር የሆነውን አስታውሱ። ልጆቹን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ከሌላ ሰፈር እየመጣ አልቅሷል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነን።

የኔ ነገር ግን ድንኳን ስለማይተከልለት ሐዘን ነው።

ከሥራ የተቀነሰ ሰው ድንኳን አይተከልለትም። ባሏ ጥሏት የሄደች፣ ልጁ በሱስ የተያዘበት፣ ኪራይ ተጨምሮበት በወሩ መጨረሻ የት እንደሚገባ የማያውቅ፣ ከአረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች፤ ለእነዚህ ጥሩምባ አይነፋም። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ልጇ በባሕር መንገድ የወጣባት እናት ናት። ሞተ እንዳትል ሬሳ የለም። አለ እንዳትል ስልኩ አይጠራም። ስንቷ እናት ናት ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ዓመታት ሙሉ የምታለቅሰው?

ለእነዚህ ሰዎች ምን እንላቸዋለን? «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል።» «ጸልይ እንጂ።» «ለበጎ ነው።» ቃሉ ውሸት አይደለም። እግዜር በእርግጥ ያውቃል። ክፋቱ፣ እኛ ስንለው በር መዝጊያ ማድረጋችን ነው። ለማኙን «እግዜር ይስጥህ» ብለን እንደምናልፈው ነው። ምርቃት እየመሰለ «ከኔ ምንም አትጠብቅ» ማለት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ይህን አመላችንን ያየው ይመስል ጽፎታል። የራበውንና የታረዘውን ወንድም «በደኅና ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን መሸኘት ምን ይጠቅመዋል ይላል። ይህን የጻፈው ለማያምኑ ሰዎች አልነበረም፤ በየጉባኤው ለሚሰበሰቡ ክርስቲያኖች ነው።

አንድ ጎረቤት አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው። ከሥራ ተቀንሶ አራት ወር ሙሉ ለልጆቹ አልተናገረም። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። የሚውለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ጽድ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ነው። ምሳውን እዚያው ይበላል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከሥራ እንደወጣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ለመሳለም መጥቶ ነው ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው ነገሩ ገባኝ። ምሳ ዕቃውን በጋዜጣ ሸፈነው። «እንዴት ነህ ጋሼ?» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብዬው ታክሲ ልሳፈር ሄድኩ።

ድንጋዩ ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ነበር።

ወገኖቼ፣ መጽሐፉን ስናነብ ምን እያየን ነው? ኢዮብ ሁሉን ባጣ ጊዜ ሦስት ወዳጆቹ መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ እንደኛ ለቅሶ አዋቂዎች ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ይህ የደረሰብህ በድለህ ነው» እያሉ ቁስሉን ነካኩት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ ሲጮህና ሲሟገት በከረመው በኢዮብ አይደለም።

ኤልያስንም ተመልከቱ። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ብዙም ሳይቆይ የኤልዛቤል ዛቻ ሲደርሰው ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። በዛሬ ቋንቋ መኖር አስጠልቶታል። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። «ያ ሁሉ እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰው፤ በራስጌው እንጎቻና ውኃ አገኘ። በላና ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ በላ። ቃሉ የመጣለት ከዚያ በኋላ፣ ረጅም መንገድ ሄዶ ነው። እንጎቻ የምትለዋን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። እናት እንጀራ ስትጋግር ለሕፃኑ ለብቻው የምታወጣለት ትንሿ ናት። እሳት ያወረደው ነቢይ በክፉ ቀኑ እንደ ሕፃን ተመገበ።

እናንተ መድረክና ማይክ በእጃችሁ ያለ ሰባኪዎች፣ ይህ ለእናንተም ነው። የደከመውን ሰው «እምነትህ ስላነሰ ነው» አትበሉት። በዚህች አንድ ቃል ስንቱን ከደጁ አባረራችሁ! ለታመመው መድኃኒቱን አስጥላችሁ፣ ለደኸየው የመጨረሻ ብሩን «ዝራ» ብላችሁ ተቀብላችሁ፣ ሲብስበት ጥፋቱን በራሱ ላይ ጫናችሁበት። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ምእመን ቆያቸው። ያኔ ማይክ አልነበረም። ለታሰረ ወንድም ስንቅ ማቀበል ግን ነበር።

እኛም ማኅበርና ሰንበቴ ያለን ሰዎች ከዚህ አናመልጥም። ጽዋው በተራ ይዞራል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። አንዱ ማኅበርተኛ ሁለት ወር ሲቀር ግን «ተራው እንዳይደርሰው ብሎ ነው» እንላለን። ምናልባት የሚደግስበት አጥቶ እንደሆነ የሚያንኳኳ የለም። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የጾምን ነገር ሲናገር እንጀራህን ለተራበው ቁረስ ያለውን ዘልለን እናልፋለን።

እድራችንስ? አብዛኛው እድር የሚያውቀው ሞትን ነው። በቁማችን ሳለን ሁሉ ነገር ቢፈርስብን መዝገቡ አይገለጥም። ሊሆን የማይችል ነገር እንዳይመስላችሁ። በኤችአይቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ለቀብር ብቻ መቆም ከበዳቸው። ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁ። የወር መዋጮው ላይ ትንሽ ብር ተጨምሮ ሥራ ላጣ አባል የሁለት ወር አስቤዛ ቢሆን ማን ይቃወማል?

አሁን ደግሞ ለአንተ፣ በዝምታ ለምትሰቃየው። አንቺም ስሚኝ። ገመናችሁን መሸፈናችሁ ገብቶኛል። ያደግንበት ነው። ሰው ሲጠይቃችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታችሁም መልካም ነው። በእግዚአብሔር ፊት ግን ደኅና የሆናችሁ አትምሰሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙር 87ን ያውቀዋል፤ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው። አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙሮች አልቅሰው አልቅሰው ወደ ማብቂያቸው ይጽናናሉ። ይሄኛው አይጽናናም። ወዳጆቼ ከእኔ ራቁ ብሎ ጨለማ ውስጥ ያበቃል። አባቶቻችን ግን ከመጽሐፉ አላወጡትም። ጠዋት ተነስቶ ይህን መድገም እምነት ነው። ፊትህን ወደ ማን እንዳዞርክ አስተውል። የሚጮህ ሰው የሚሰማው እንዳለ ስላመነ ነው የሚጮኸው።

ደግሞም ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሁሉም አይደለም። ለአንድ ሰው። ጌታ እንኳ በጌቴሴማኒ ሌሊት ሦስቱን ለብቻ ይዞ «ነፍሴ እጅግ አዘነች» ብሏቸዋል። ከእኔ ጋር ትጉ ብሎ ለምኗቸዋል። እነሱ ተኙ እንጂ።

ወደ ጋሼ በሳምንቱ ተመለስኩ። ቆሎ በወረቀት ጠቅልዬ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስለ ሥራ አላነሳሁም። ቆሎውን እየቆረጠምን ቆየን። ከሰዓት በኋላ ራሱ ጀመረ። እያወራ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መፍትሔ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በዚያ ማታ ግን ለሚስቱ ነገራት።

እንዲህ ያለውን ነገር የተማርኩት ልጅ ሳለሁ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ ግቢው የጋራ፣ ኩሽናው የጋራ። አባቴ ታሞ ተኝቷል፣ እናቴ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከጎን ያሉት እማማ መጡ። በየማለዳው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስመው የሚመለሱ ሴት ናቸው። በዚያ ቀን ግን ስለ እግዚአብሔር አንድም ቃል አልተናገሩም። በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ አስፈጭቼ በዝቶብኝ ነው። ነቀዝ ሳይበላብኝ ተካፈይኝ» አሏት። እናቴ እንዳልተረፋቸው ታውቃለች። እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ። ተቀበለቻቸው፤ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናብ አወሩ።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ያኔ እንዴት አወቁብኝ?»

«ጢስሽን ካየሁ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር» አሏት።