«ለእናትህ ንገራት» አለችው

እናንተዬ፣ አሁን ገና ነው የገባሁት። ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያቺ አከራያችን ሴትዮ የምንለቀውን ቤት አልረከብም አለች። በምን ምክንያት? በአቧራ። የት ባለ አቧራ? ወለሉ ላይ እንዳይመስላችሁ። መስኮቱ ላይም አይደለም። ሃይሱንጉ፣ የቤት ማሞቂያው፣ ሆድ ውስጥ! በሁለቱ ቆርቆሮ መሀል፣ እጅ በማይገባበት፣ ዓይን በማያየው ቦታ።

ሦስት ቀን ሙሉ ነው ያንን ቤት የፈተግኩት። ፍሪጁን ጎትቼ አውጥቼ ከኋላው አጥቤያለሁ። የሻወሩን መስታወት በኮምጣጤ አሽቼ ያ ነጭ የውሃ ቅርፊት አንድም አልቀረም። ባሌ ከሌሊት ሥራ መጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሳይተኛ ግድግዳ ቀባ። ትናንት ማታ ስንወጣ ቤቱ ያበራ ነበር። እውነቴን ነው፣ ለራሴም ቀናሁበት።

ዛሬ እሷ ስትገባ ግድግዳውን አላየችም። ወለሉን አላየችም። ኩሽናውን በቆመችበት ገረፍ አርጋ አለፈችው። ቀጥታ ሳሎን ሄዳ ማሞቂያው ፊት ተንበረከከች። ከ70 ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት፣ ግን አንድ ጊዜ አላቃሰተችም። የስልኳን መብራት አበራች። ከዛ ከቦርሳዋ ረጅም የእንጨት ማንኪያ አወጣች። ጫፉ ላይ ነጭ ሶፍት ጠምጥማ በላስቲክ አስራለታለች። አያችሁልኝ? እቤቷ ቁጭ ብላ አዘጋጅታው ነው የመጣችው! በጎን በኩል አስገብታ ጫረች ጫረች፣ ስታወጣው ግራጫ ነገር ተንጠልጥሎ ወጣ። ጀርመኖች እንዲህ ተድበልብሎ የሚገኘውን አቧራ «የሱፍ አይጥ» ይሉታል። የዛሬውስ አይጡንም አልፎ ድመት አክሏል።

ከዛ ቀና አለች። ወደ እኔ አይደለም። ወደ ልጄ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ለእናትህ ንገራት» አለችው። «እዚህ አገር ማሞቂያም ይጸዳል።»

11 ዓመት ነው እዚህ አገር የኖርኩት። ከሷ ጋር ስድስት ዓመት ያወራሁት በጀርመንኛ ነው። ኪራይ ስትጨምርብኝ በጀርመንኛ ነገረችኝ፣ እኔም በጀርመንኛ እሺ አልኳት። ያን ቀን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም!

ልጄ አየኝ። ከዛ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «እማ፣ ትንሽ አቧራ አለ እያለች ነው» አለኝ።

ትንሽ አቧራ። ቃሏን አለስልሶ፣ እሾሁን ነቅሎ ሰጠኝ። እኔ ሰምቻታለሁ። እንደሰማሁም ያውቃል። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን። አንጀቴን ያሳረረችኝ እዚህች ላይ ናት። እኔን ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ልጄን በኔ ላይ አፍ አድርጋ መጠቀሟን ግን አልችለውም።

«እሰማዎታለሁ፣ ለኔው ይንገሩኝ» አልኳት። በ«ዚ» ነው ያልኳት፣ በእርስዎ። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ከእርስዎ ወርጄ አላውቅም። ምን ብላ ብትመልስልኝ ጥሩ ነው? «በአገርሽ ማሞቂያ ስለሌለ አልፈርድብሽም።» በ«ዱ»! አንቺ! በልጄ ፊት!

አዎ፣ በአገሬ እቤት ውስጥ ማሞቂያ የለም። ፀሐይ አለ፣ ጋቢ አለ። ግን እናቴ ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ ቁምሳጥኑን በወንድሞቼ አስነስታ ከኋላው ታስጠርግ ነበር። የሥዕሉን ጀርባ ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። እኛን እንግዳ የሚያየውንም የማያየውንም ስታስጠርገን ነው ያደግነው። የዛችን ሴት ልጅ ነው አቧራ አታውቂም የምትለኝ። ደግሞ እንጀራዬ ጽዳት መሆኑን አጥታው ነው? በቀን 14 የሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ወገቤን የጣልኩት በሰው አቧራ ነው።

ቆይ ግን፣ ይሄን ዕቃ የሠራው ሰው አንድ ቀን ጨርቅ ይዞ ያውቃል? ከፊት ሜዳ የመሰለ ነጭ ቆርቆሮ፣ ከኋላ ሌላ ቆርቆሮ፣ በመሀላቸው ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ስስ ብረት። ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ በታች በኩል የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ከአየሩ ጋር የምንጣፉ ብናኝ፣ የብርድ ልብሱ ሱፍ፣ የፀጉር ብጣሽ፣ ሁሉም ገብቶ እጥፋቱ ላይ ይለጠፋል። ክረምቱን ሙሉ፣ ሌት ተቀን። እኛ ብንተኛ እሱ አቧራ መሰብሰቡን አይተውም። ጥቅምት ላይ መጀመሪያ ስትከፍቱት የሚሸተው ያ የማረር ሽታ ምን ይመስላችኋል? አቧራው እየተጠበሰ ነው። አየሩም በደንብ ስለማያልፍ ሙቀቱ ይቀንሳል። በፈረንጆቹ 2022 የጋዝ ዋጋ እሳት በሆነ ጊዜ፣ ልጆቼን ሹራብ ደርቤ፣ ቁልፉን ከ2 ሳላሳልፍ የከረምኩት እኔ ነኝ። ያ አቧራ እንዲኖር እኔ እፈልጋለሁ?

ሞክሬያለሁ እኮ! የቫክዩሙን ቀጭን አፍ አስገባሁ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ካልሲ በዱላ ጫፍ አስሬ አስገባሁ፣ ካልሲው እዛው ቀረ። ዱላው ብቻ ወጣ። ካልሲውን በኤሌክትሪክ ሽቦ መንጠቆ ሠርቼ ነው ያወጣሁት። የፀጉር ፎን ከላይ ወደ ታች ነፋሁበት፣ ከሥር እርጥብ አንሶላ ዘርግቼ። ይሄኛው ይሠራል፣ እመኑኝ፣ ማሞቂያው ቀዝቅዞ እያለ ብቻ አድርጉት። አንሶላው ላይ የወደቀውን ብታዩ ጉድ ትሉ ነበር። የልጆቹን ክፍል በዚህ ጨረስኩት። መኝታ ቤቱንም። ሳሎን ያለው ግን እምቢ አለ።

ለምን እምቢ አለ? ከላይ ያለው ወንፊት የመሰለ ክዳን ይነሳል አይደል? ብዙ ቤት ይነሳል። ቀስ ብለህ ወደ ላይ ስትስበው ይላቀቃል፣ ከዛ ረጅሙን ብሩሽ ማስገባት ነው። የሷን ግን ማን ያንሳው? እኔ ከመግባቴ በፊት እሷ ራሷ ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ ቀለም ደራርባ ቀብታ፣ ክዳኑና ገላው አንድ ሆነዋል። በቢላ ልፈልቅቀው ስል ቀለሙ ተነሳ። ደንግጬ ተውኩት። እሱን ብልጠው ደግሞ ለቀለሙ ልታስከፍለኝ ነው። ይሄን አስረዳኋት። «ክዳኑ ተጣብቋል፣ የቀቡት እርስዎ ነዎት» አልኳት። ዝም ብላ በወረቀቷ ላይ ጻፈች።

ደግሞ አቧራው ከየት መጣ? ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዤው አልመጣሁ። ቤቱ ኔካርቶር አጠገብ ነው፣ ያ መኪና የሚበዛበት መንገድ። ሽቱትጋርት የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ ከ2016 እስከ 2020 ከተማው ራሱ የአቧራ ማስጠንቀቂያ ያውጅ ነበር፣ መኪናችሁን ተዉ፣ በባቡር ሂዱ እያለ። አቧራውን ይያዝልን ብለው በ2017 መንገዱ ዳር 100 ሜትር ያህል ግድግዳ አቁመው፣ ያንን ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ተክለውበት ነበር። ከተማ የታገለውን አቧራ ነው እኔ በካልሲ አሸንፊ የተባልኩት። መስኮቱን የሚያስከፍተኝስ ማነው? እሷው! በቀን ሦስት ጊዜ ካልከፈትሽ ግድግዳው ይሻግታል ብላ ውሉ ላይ ጽፋለች። በክረምት፣ በበረዶ፣ መንገዱ ላይ ወለል አድርጌ ከፍቼ መኪናው ሁሉ እቤቴ ሲገባ ነው የኖርኩት።

ስድስት ዓመት ስንቱን ዋጥኩ መሰላችሁ። ቡና ስቆላ ደረጃው ሸተተ ተባልኩ። እጣን ሳጨስ እሳት ተነሳ ብላ በር ደበደበች። ኬርቮኸ፣ ደረጃ የማጽዳት ሳምንታዊ ተራ፣ ሲደርሰኝ፣ ያቺን ሰሌዳ በሬ ላይ ሲሰቅሉብኝ፣ ደረጃውን አጥቤ ስጨርስ ተከትላኝ ጥጉን በጣቷ ትዳስሳለች። ሌላው ጎረቤት ተራውን ሲዘል ያየሁት ስንቴ ነው። እሱን ማንም በጣት አልዳሰሰውም።

ከወጣሁ በኋላ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ደወልኩ። ውሉን አንብቢልኝ አለኝ። «ቤዘንራይን» ይላል፣ በመጥረጊያ የተጠረገ ማለት ነው። ይሄማ ቀላል ነው አለኝ። ካርልስሩኸ ያለው የፌደራሉ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2006 ወስኖበታል፣ ዋና ዋናውን ቆሻሻ ማንሳት ነው እንጂ ሌላ ግዴታ የለብሽም፣ ክሰሻት አለኝ።

ልከሳት እችላለሁ። ግን ካውስዮኑ፣ ስገባ ያስያዝኩት ገንዘብ፣ እሷ እጅ ነው። ሕጉ የሚፈቅደውን የመጨረሻውን ነው የወሰደችው፣ የ3 ወር ኪራይ። አዲሱ ቤትም የ3 ወር ይጠብቀኛል። ክስ ስንት ወር ይፈጃል? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ነው፣ የዕቃ ማመላለሻው መኪና አልተከፈለም፣ ባሌ ደግሞ «ተይ ጽጂላትና እንገላገል» ይላል። ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። መብቴን እያወቅኩ ተንበርክኬ ልፈትግላት ነው።

ልጄ አሁን አጠገቤ መጥቶ «እማ፣ የኔ እጅ ቀጭን ነው፣ ይገባል» አለኝ። እጁን ዘርግቶ እያሳየኝ። አይሆንም አልኩት። እዛ ቤት ድጋሚ አይገባም፤ ያቺ ሴትዮ ዳግመኛ በሱ አፍ አታናግረኝም።

አርብ ጠዋት ተመልሳ ትመጣለች። ያንን ረጅሙን የማሞቂያ ብሩሽ፣ ባለ ፀጉሩን፣ ያላችሁ በእናታችሁ አውሱኝ። ባድ ካንሽታትም ቢሆን፣ ፎይርባኽም ቢሆን መጥቼ እወስዳለሁ። ቀለም ሳይልጥ ክዳን የሚያላቅቅ ዘዴ የምታውቁም ዛሬ ማታ ጻፉልኝ።