የፔንግዊን ወሬና የጣና ጭቃ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር በተካሄደ የአየር ንብረት ስብሰባ ላይ፣ ስለ ዋልታ ውቅያኖሶች ሊቀርብ የነበረ ጽሑፍ ከመርሐ ግብሩ ተሰረዘ። የመድረኩ መሪ «የፔንግዊን ወሬ ለእኛ ገበሬ ምን ይረባዋል?» ብለው አዳራሹን አሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ ጨመሩበት፤ «ደግሞስ በረዶው ቀለጠ ማለት ውሃ በዛ ማለት አይደል? ለዝናባችንም ይተርፋል።»

ውሃ በዛ! የባሕር ውሃ መቼ አንሶ ያውቅና ነው? ክረምት የሚገባው ነፋስ እርጥበት ተሸክሞ ሲመጣልን እንጂ ውቅያኖስ ጢም ብሎ ስለሞላ አይደለም።

እኚህ ሰው ጎርጎራ ወርደው ከታንኳው ሥር ያለውን ጭቃ ቢጠይቁ ይሻላቸው ነበር። ተመራማሪዎች ከጣና ወለል በቱቦ መዝዘው ያወጡት ጭቃ ሐይቁ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ይናገራል። ከታች ደረቅ ደለል፣ ከላዩ የደንገል ረግረግ ቅሪት፤ ዛሬ ታንኳ የሚታሰርበት ያው ደንገል! ያን ጊዜ ከጣና የሚወጣ ዐባይ አልነበረም። በዚያው ዘመን ነው ከሰሜን አሜሪካ የተገመሰ የበረዶ ተራራ በሰሜን አትላንቲክ ላይ የፈሰሰው። እዚያ ቀዝቃዛውና ጨዋማው ውሃ ከብዶ ወደ ጥልቁ ይሰጥማል፤ በምትኩ ሞቃቱ ከደቡብ ይሳባል። የቀለጠ በረዶ ግን ጨው የለውም፤ እንደ ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ መስመጡን ያግዳል። ይህ የውሃ ዝውውር ሲደክም ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፣ ክረምታችንን የሚያመጣው የዝናብ መቀነትም ወደ ደቡብ ይሸሻል። በረዶው ቀለጠ፣ ጣና ደረቀ። የተረፈን ውሃ ይኸው ነው! ሊቃውንቱ በዝርዝሩ ይከራከሩ፤ ለእኔ ያ ጭቃ ከአሥር ስብሰባ ይበልጥብኛል። ዛሬም ግሪንላንድ እየቀለጠች ወደዚያው ባሕር ትፈሳለች።

ፔንግዊኑስ ቢሆን ምኑ ያስቃል? እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በአንታርክቲካ ቤሊንግስሃውዘን ባሕር፣ ከአምስት የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን መንጋዎች በአራቱ የዓመቱ ጫጩቶች አለቁ። ውሃ የማያስገባ ላባ ሳያበቅሉ የቆሙበት በረዶ ከእግራቸው ሥር ተሰባበረ። ዓሣ ነባሪው የሚበላው ክሪል የሚባለው ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር ፍጥረትም ከልጅነቱ የሚያድገው በበረዶው ሆድ ላይ የሚበቅለውን ዋቅላሚ እየጋጠ ነው።

ጎንደርን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ደለል ይቅደም ካሉ አልጣላቸውም፤ እኔም ቢጫ ጀሪካን ደርድሬ የማድር ሰው ነኝ። ነገር ግን ግድቡን የሚሞላው ያው ክረምት መሆኑ እንዴት ተረሳ?

ጽሑፉን ያዘጋጀችው ወጣት ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ስትወጣ በር ላይ አገኘኋት። የእርሷ ሃያ ደቂቃ ለሻይ ዕረፍት ተጨምሮ ነበር።