ለሐምሌ የማይሆን ሶላር አትሽጡ

ጎንደር ላይ የሶላር ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጠይቁት «ፓኔል በርካሽ ከየት ይገኛል?» ብለው ነው። መጠየቁ ክፋት የለውም፤ መነሻው ግን ሌላ መሆን አለበት። ሻጭንና ደንበኛን የሚያጣላው ፓኔሉ እምብዛም ነው። ባትሪው ነው፣ ሽቦው ነው፣ ከሁሉም በላይ ሳይሰላ መሸጡ ነው።

ደንቢያ ውስጥ መብራት ያልደረሰበት አንድ ፀጉር ቤት እናስብ። ባለ 7 ዋት 4 አምፖል ለ5 ሰዓት ሲበራ 140 ዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 12 ዋት 2 የፀጉር ማሽን ለ5 ሰዓት 120፣ ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን ለ6 ሰዓት 240፣ 10 ስልክ መሙላት 100 ገደማ። ድምሩ 600 ነው። በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው ዕቃ)፣ በባትሪና በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 860 ይጠጋል። በጥር ጠራራ የቀኑን ፀሐይ እንደ 6 የሙሉ ብርሃን ሰዓት ቆጥሮ፣ 860ን ለ6 አካፍሎ 150 ዋት ፓኔል ይበቃል ማለት ይቻላል። በሐምሌ ደመና ግን ከ4 ሰዓት በላይ መቁጠር አያዋጣም፤ ያኔ የሚያስፈልገው 215 ዋት ነው። በጥር አስልቶ የሸጠ ሰው ደንበኛው በሐምሌ ተቆጥቶ ይመጣበታል። የአፍ ወሬ ፈጥኖ በሚዞርበት ከተማ አንድ የተቆጣ ደንበኛ ለጀማሪ ከባድ ነው።

ባትሪው 2 ደመናማ ቀን እንዲያሻግር ከተፈለገ 1200 ዋት ሰዓት መስጠት አለበት። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት (2400 ዋት ሰዓት) ይጠይቃል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ ይበልጥ ቢወርድም የማይጎዳው ባትሪ ከሆነ 120 አምፔር ሰዓት ይበቃል። የመኪና ባትሪን «የሶላር ነው» ብሎ መሸጥ ግን በደል ነው። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ በየምሽቱ ወደ ታች ሲወርድ በወራት ውስጥ ያበቃለታል።

ሽቦ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፓኔሉ ከባትሪው 10 ሜትር ይራቅ፤ መሄጃና መመለሻው 20 ሜትር ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በ12 አምፔር ወደ 2.8 ቮልት ይውጣል። በደረቅ ቀን የጋለ ፓኔል 16 ቮልት ገደማ ቢሰጥ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.2 ነው። የአሲድ ባትሪ እስኪሞላ 14.4 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ፀሐይ እያለ በየቀኑ ሳይሞላ ያድራል፤ ባትሪው ውስጥ ያሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገራል፤ ባለቤቱም «ባትሪው ፎርጅድ ነበር» ይላል። ባለ 6 ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው 0.7 ቮልት ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ካፒታል ላይ ጥሩ ቴስተር፣ የሽቦ ጫፍ መጭመቂያና ወፍራም ሽቦ ቅድሚያ የሚገባቸው።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ከ400 ዋት በላይ የሆነ ትልቅ ፓኔል ገዝቶ በርካሹ ፒደብልዩኤም ኮንትሮለር (የባትሪ አሞላልን የሚቆጣጠር፣ የፓኔሉን ትርፍ ቮልት ግን ወደ አምፔር የማይቀይር ዕቃ) ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ማገናኘት ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ መጣል ነው፤ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረው ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ያስፈልጋል። የቤት መብራት ብሬከርንም ለፓኔል መስመር መጠቀም አይገባም። በዲሲ፣ ማለትም ከፓኔልና ከባትሪ በሚወጣው ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ፣ የተነሳ ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም፤ ብሬከሩን አቅልጦ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ፓኔሉ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ዘንበል ማለቱ 15 ዲግሪ ይሁን፤ በ1 ሜትር የፓኔል ርዝመት 26 ሳንቲሜትር ከፍታ ማለት ነው። ከዚህ በጣም ከተኛ የበጋ አቧራ ይቀመጥበታል። ከቆርቆሮው 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ንፋስ ያግኘው። ቆርቆሮ የሚበሳው ጉብታው ላይ ነው፣ ከላስቲክ ጋር፤ ሸለቆው ላይ የተበሳ ጣሪያ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል።

ባትሪ በብዛት ገዝቶ ሱቅ ውስጥ ማከማቸትን አጥብቀን እንቃወማለን። የአሲድ ባትሪ ተቀምጦም ይወርዳል፤ በየ3 ወሩ ገደማ ካልተሞላ ሳይሸጥ ያረጃል። ቀብድ ተቀብሎ በትእዛዝ ማምጣት ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የዕቃው ዝርዝር፣ እያንዳንዱ በቀን የሚሠራበት ሰዓትና የሽቦው ውፍረት በወረቀት ተጽፎ ባትሪው አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ባለቤቱ በ3ኛው ወር ፍሪጅ ሊጨምር ሲያስብ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።