ማስተካከያ፦ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መቼ ጀመረ?

ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አጀማመር ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ፣ ጣቢያው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የምሥረታ ጉባኤ በቀጥታ አስተላልፏል መባሉ ትክክል አይደለም። ድርጅቱ የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለ፤ ገና ያልተቋቋመ ጣቢያ ደግሞ ጉባኤ አያስተላልፍም። ዛሬ በየመታሰቢያው የምናያቸው፣ ጉባኤው የተካሄደበት የአፍሪካ አዳራሽ ምስሎች በፊልም ካሜራ የተቀረጹ ናቸው። ስሕተቱ ግን ሥር የሰደደ ነው፤ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሳይመረመር ሲገለበጥ ኖሯል።

የጥቅምት 23 ቀን ምርጫም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት በዓል ይከበርበት የነበረ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ የነበረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ሥርጭቱም ጥቁርና ነጭ ነበር።

የቀለም ሥርጭትን በተመለከተም፣ «ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ» የሚለው ይታረም። መደበኛው የቀለም ሥርጭት የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር ተያይዞ ነው።