የእድራችን ጡሩንባ

ሰፈራችን ጋዜጣ የለውም። ጡሩንባ ነፊ ግን አለው። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ከጣና ብዙም ሳንርቅ። የሰፈሩን ስም አልጠራም። ለምን እንደማልጠራው እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ጡሩንባ ነፊያችን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ጋቢውን ይደርባል፣ ዱላውን ይይዛል፣ ጭቃውን እየረገጠ በየበሩ ያልፋል። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። ከዚያ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። በቃ። «ማረፋቸው ተጠቆመ» አይልም። «አረፉ» ነው የሚለው። እኔ በማውቀው ዘመን ሁሉ በሕይወት ያለ ሰው ገድሎ አያውቅም። ለአንድ የዜና አውታር ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደመወዙን የሚከፍለው እድሩ ነው። እድሩን የሚያዙት ዳኛው ናቸው። ይቺን ያዙልኝ።

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን አረፉ። ጡሩንባው ተነፋ፣ ሰው ወጣ። ብረት ድስቱ መጣ። አግዳሚው መጣ። ዝናቡም መጣ። ድንኳኑ ግን ቀረ። ዳኛችን የእህታቸው ልጅ ተመርቃ ኖሮ፣ ድንኳኑ ለድግሷ ሐሙሲት ሄዷል። ለቀስተኛው በጃንጥላና በፕላስቲክ ተጠለለ። እኔ ንፍሮ ዘግነው ሰጡኝ፤ አፌ እስካደርሰው ሾርባ ሆነ።

በማግስቱ አንድ ጎረምሳ ጡሩንባ ነፊውን መንገድ ላይ ያዘው።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ የት እንደሄደ ለምን አይለፍፉም?»

«እኔ የምለፍፈው የሞተ ነው» አለ ሽማግሌው። «ድንኳኑ አልሞተም። ሐሙሲት ነው ያለው።»

መልሱ አፍ ያስይዛል። ደንብ ደንብ ነው ብለን ዝም አልን። ችግሩ የመጣው በሳምንቱ ነው። የማዶው ሰፈር እድር ሁለት ብረት ድስት ጠፋበት። ማን ነገረን? የእኛው ጡሩንባ ነፊ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይሞት። የድስቶቹን ክዳን ሳይቀር ቆጥሮ ነገረን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው።

እስካሁን በጡሩንባ ነፊው ስስቅ ቆየሁ። እውነቱን ካወራን ግን የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። በወር አንዴ ሪፖርት እጽፋለሁ። የነሐሴውን ሪፖርት ስጽፍ ቀጥ ብዬ «ዳኛው ድንኳኑን ለዘመዳቸው ድግስ ወሰዱት» አልኩ። ለዳኛው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ ውሸት ነው አላልኩም። ግን እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?»

ተቀመጥንና አብረን አረምነው። ቡናው እስኪፈላ «ወሰዱት» የሚለው «ተወሰደ» ሆነ። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ግሡ ላይ አንዲት «ተ» ለጠፍ ስታደርግ ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋል። አቦሉን ስንጠጣ «ተወሰደ» እሱም ከበደንና «ለማኅበራዊ አገልግሎት ተሰማራ» አልነው። ቶናው ላይ ዝናቡ «ወቅታዊ ተግዳሮት» ተባለ። በረካው ላይ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ ከራሴ ጨመርኩ፦ «በአገልግሎት አሰጣጡ ላይ አንዳንድ ክፍተቶች ቢስተዋሉም፣ የለቀስተኛው ትዕግሥት የሚበረታታ ነው።»

ሪፖርቱ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ደጋግሜ አየሁት። አንድም ውሸት የለበትም። ድንኳን ብቻ ነው የሌለበት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዜና ሳይ እንደ ባለሙያ ነው የማየው። ማታ ማታ ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወዳጄ ጋር ሐይቁ ዳር አሳ ቤት እንቀመጣለን። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ከዜናው በፊት የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ያሳያል። ግም ብሎ ይወርዳል፣ ጭሱ ይነሳል፣ ቀስተ ደመናው ይዘረጋል። የድሮው አንድ ብር ላይም እንዲሁ ነበር፤ ክረምት ከበጋ አይጎድልም። አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ እንግዳ ይዤ በመጋቢት ሄድኩ። ውኃው ለመብራት ተጠልፎ ገደሉ ላይ ቀጭን ክር ቀርቷል። እንግዳዬ ገደሉን አየ፣ እኔን አየ። «ብሩ ላይ ያለው ሌላ ነው እንዴ?» አለኝ። መብራት ማመንጨቱ ክፋት የለውም። ወዴት እንደሄደ ንገሩን እንጂ!

ሁለት ሰዓት ሲሆን ዜናው ይጀምራል። መጀመሪያ ስብሰባ። ቀጥሎ የስብሰባው ማጠቃለያ። ከዚያ ወደ ውጭ አገር እንሻገራለን። አንዱ ጋ ሠራተኛ አድማ መትቷል፣ አንዱ ጋ የዳቦ ዋጋ ንሯል፣ አንዱ ጋ ሚኒስትሩ በቅሌት ወርደዋል። የአውሮፓን ችግር የአሳ ቤቱ አስተናጋጅ ሳይቀር ያውቀዋል። እጃችንን ልንታጠብ ስንነሳ ቧንቧው ይነፋል እንጂ አይፈስም። ልጁ በጆግ ያስታጥበናል። ሐይቁ ከወንበራችን ሃምሳ ሜትር አይርቅም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለውን ተረት እኛ አንተርተውም፤ በጆግ እንታጠበዋለን።

መምህሩ ቆሮሷቸውን እየፈለቀቁ ቃላት ይለቅማሉ። «አንዳንድ» የምትለዋን በጣም ይወዷታል። «አንዳንድ አካባቢዎች» ሲባል የማንኛችን አካባቢ እንደሆነ አይታወቅም። የሞተም ያለም በእኩል ይጽናናል። ከሁሉም የሚያስቃቸው ግን «አተት» ነው። 2008 እና 2009 ላይ ያን ሁሉ ሰው ሆዱን ሲያጣድፈው፣ «ኮሌራ» የሚለው ቃል ከባለሥልጣን አፍ አይወጣም ነበር። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ። እሱም ሲረዝም «አተት» ሆነ። መምህሩ «በሽታን በስም መፈወስ የተጀመረው እዚህ ነው» ይላሉ። ምናልባት ቱሪስቱ እንዳይሸሽ፣ ገበያው እንዳይቀዘቅዝ ይሆናል። ታማሚው ግን በየትኛውም ስም ቢጠራ ያው ሽንት ቤት ነው የሚሮጠው።

«ፈረንጆቹ ጋ እንዲህ ያለ የለም» አሉኝ አንድ ማታ።

እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ጣሊያን በ1928 መርዝ ጋዝ አርከፍክፎብን የፋሺስቱ ጋዜጦች ትንፍሽ እንዳይሉ ታዘው ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር «አዎ፣ ተጠቅመናል» ያለው በ1988 ነው። ስልሳ ዓመት! በጋዙ የተቃጠለው አያት ሞቶ፣ ልጁ ሞቶ፣ የልጅ ልጁ ነው ዜናውን የሰማው።

«እሱ ፋሺስት ነው» አሉ መምህሩ። «ነፃ ፕሬስ ያለበትን ጥራልኝ።»

ጠራሁላቸው። ኒው ዮርክ ታይምስ የኢራቅ ጦርነት ሲደገስ የመንግሥቱን ወሬ በሙሉ አፉ አራገበ፤ ጥርጣሬውን ደግሞ ወደ ውስጥ ገጽ ገፋ። በፈረንጆቹ 2004 ራሱ አመነ፦ አዘጋገባችን መሆን የሚገባውን ያህል ጥብቅ አልነበረም አለ። ግሩም ነው። ይኼን ያለው ግን ስንተኛው ገጽ ላይ መሰላችሁ? አሥረኛው ላይ።

መምህሩ ሳቁ፣ ግን እጅ አልሰጡም። «ቢሆንም ያመነው ባለሥልጣኖቹ ገና ወንበራቸው ላይ ሳሉ ነው» አሉ። ይኼን ማስተባበል አልቻልኩም። ዝም ብዬ አሳዬን በላሁ።

ደግሞም እውነት መናገር ዋጋ ያስከፍላል። በ1911 ኅዳር ላይ አገራችንን ያረገፈው ወረርሽኝ ሌላው ዓለም «የስፔን በሽታ» ይለዋል። ከስፔን ስለመጣ አይደለም። ሌሎቹ ጦርነት ላይ ነበሩና የወታደሩ ሞራል እንዳይወድቅ ጋዜጦቻቸውን አፈኑ። ስፔን ገለልተኛ ነበረች፣ ጋዜጦቿ ጻፉ። ስለዚህ በሽታው በእሷ ስም ተጠራ! እኛ ብልሆቹ «የኅዳር በሽታ» ብለን በወር ሰየምነው። ወር አይከስስም። ይኸው እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻችንን እያጨስን ወሩን እናጥናለን።

መምህሩ ሁለተኛ አሳ ካዘዙ የወሎን ነገር ያነሳሉ። በዚያ ርሃብ ጊዜ ወጣት ነበሩ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምቢልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 1966 ነው። ዓለም አለቀሰ። የእኛ ቴሌቪዥን ስለ ጉዳዩ መስማቱን እንኳ አልነገረንም። ከዚያ በመስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ያው ቴሌቪዥን ያንኑ ፊልም አወጣው። የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል በመሃል በመሃል እየተሰካካበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

«እንዴት ያለ ድፍረት!» አልኩ።

«ምን ድፍረት አለው? ባለቤቱ ተቀይሮ ነው» አሉ። «ዐሥር ዓመት ቆየውና እየው።»

ዐሥር ዓመት ቆየሁት። መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ተከበረ። ኮረም ላይ ሰው በርሃብ እየረገፈ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሰልፉን አሳየ። ኮረምን ለዓለም ያሳየው በወሩ ቢቢሲ ነው።

መምህሩ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 በቃላቸው ያውቁታል። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ሆኖ ይመራል ይላል። ያማረ አንቀጽ ነው። የእድራችን ደንብም ድንኳኑ ከለቅሶ ውጪ አይወጣም ይላል።

ባለፈው መስከረም እድራችን ምርጫ አደረገ። ዳኛው ወረዱ፣ ሌላ ዳኛ ተመረጡ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጡሩንባ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ ደንግጬ ተነሳሁ። የሞተ የለም። የጡሩንባ ነፊው ድምፅ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። «ያልሰማህ ስማ! ለቀስተኛ በዝናብ ሲመታ፣ ድንኳናችን ሐሙሲት ድግስ ላይ ነበር!»

እኔስ ብትሉ? ጠዋቱን መዝገቡን አውጥቼ ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። «ተሰማራ» የነበረው «ወሰዱት» ሆነ። ስም ገባ፣ ቀን ገባ፣ ንፍሮው ሳይቀር ገባ። አዲሱ ዳኛ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንዲህ ያለ እውነተኛ ጸሐፊ ነበር የጠፋው» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለሚስቴም ነገርኳት።

ትናንት ንብረት ቆጠራ ነበር። ከአግዳሚዎቻችን ስምንቱ የሉም። ልጆቹ በአዲሱ ዳኛ ወንድም ሻይ ቤት በር ላይ፣ ከዛፉ ሥር፣ እንዳዩዋቸው ነገሩኝ። ማታ አልፌ አየሁ። የእኛው ናቸው። አንደኛው ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ሒሳብ ልከፍል ስል «ከእርስዎ አንቀበልም» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። እስክሪብቶዬን ጨበጥ አድርጌ ትንሽ አሰብኩና ጻፍኩ፦ «ከአግዳሚዎቻችን አንዳንዶቹ ለሕዝቡ ይበልጥ ተደራሽ እንዲሆኑ ተደርጓል።»